ፕራዶዬን 4 ኢንች ላስነሳው?

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. የ2006 ሞዴል ፕራዶ 120 አለኝ፤ 3.0 ናፍጣ፣ አውቶማቲክ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአራት ኪሎ ካዛንቺስ እመላለስበታለሁ። በወር አንዴ ደግሞ ባለቤቴን፣ ልጆቼንና እናቴን ይዤ ወደ መንዝ ጓሳ እወጣለሁ፤ ዕቃው ፖርቶመጋላ ላይ ነው። ድንጋይ ያለበት መንገድ ላይ ከሥር እየተመታ አስቸገረኝ። አንድ ጋራዥ ከሞላው በላይ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ ብረት) አስገብቶ፣ ጎማውን 285 አድርጎ፣ በጠቅላላ 4 ኢንች ከፍ ቢያደርገው ምንም እንደማይነካኝ ነገረኝ። ሥራው ግማሽ ቀን ነው ብሎኛል። ጉዳት አለው ወይስ ላሠራው?»

አያሠሩት። መኪና ከፍ ማድረግ በራሱ ጥፋት ሆኖ አይደለም፤ ፕራዶ 120 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ድረስ በአግባቡ ከተሠራ ይሸከመዋል። እርስዎ የተነገረዎት ግን 4 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን 4 ኢንች ነው፤ ያም 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ያውም በስፔሰር። ጉዳቱን ከመዘርዘሬ በፊት ግን ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት፤ ምክንያቱም 4 ኢንቹ ቢገባም የሚመታዎት ነገር ምናልባት ባለበት ይቀራል።

«ከሥር ይመታል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ምኑ ነው የሚመታው? መኪናውን ማንሻ ላይ ወይም ጉድጓድ ባለው ጋራዥ አስወጥተው ከሥሩ ይመልከቱ፤ የተፋቀው ብረት ራሱ ይናገራል። ጭረቱ የኋላ መጎተቻው ላይ ከሆነ መኪናው ከጉድጓድ ሲወጣ ጅራቱን እየጎተተ ነው። ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የተሸከመው አግዳሚ ብረት ላይ ከሆነ ሆዱ ነው የሚቀመጠው። የኋላ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ድብልብል ክፍል ላይ ወይም የኋላ ሾክ ታችኛ ማሰሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አሮጌው ጭረት ከአዲሱ ካልተለየ እነዚህን ቦታዎች አጥበው ነጭ ቀለም ይርጩባቸውና አንድ ጊዜ መንዝ ደርሰው ይመለሱ። ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ መልስዎ ነው።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። የፕራዶ የኋላ አክስል ድፍን ነው፤ ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ፣ አክስሉ ጎማው ላይ ተቀምጧል። ሞላው ያለው ከአክስሉ በላይ ነው። ስለዚህ ሞላውን በ4 ኢንች ቢያስረዝሙት ከፍ የሚለው ሻንሲው (የመኪናው አፅም)፣ ወንበሩና እርስዎ ናችሁ፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት የነበረው ርቀት በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 265/65 አር 17 ጎማ (ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች) ከዳር እስከ ዳር 776 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 285/70 አር 17 ደግሞ 831። ልዩነቱ 55፣ አክስሉ የሚያገኘው የዚያ ግማሽ፣ 27 ሚሊ ሜትር። ከ4 ኢንቹ ውስጥ ለዲፈረንሻሉ የደረሰው ይኸው ነው። ከፊት በኩል ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ ስለታሰረ አብሮ ይነሳል፤ የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎማው ጋ ያለው ጫፍ ግን አሁንም የጎማው ጎረቤት ነው። ድንጋዩ የሚመታው እሱን ከሆነ ሊፍት (መኪናውን ማስነሳቱ) አላዳነውም።

ሞላ ማንሳት የሚጠቅመው ለሆድና ለጅራት ነው። የፕራዶ 120 የፊትና የኋላ ጎማ መሀል ለመሀል ርቀት 2,790 ሚሊ ሜትር ነው። ሆዱ ከመሬት 220 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ጉብታ ላይ ሳይቀመጥ የሚያልፈው አንግል 18 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ 50 ሚሊ ሜትር ሲጨመርበት ወደ 22 ይጠጋል። አራት ዲግሪ ቀላል አይደለም። ግን ይህን ለማግኘት 10 ሳንቲ ሜትር አያስፈልግም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። መኪናዎ የፋብሪካ ቁመቱ ላይ ነው ወይ? ሃያ ዓመት ቤተሰብና ፖርቶመጋላ የተሸከመ የኋላ ሞላ ተኝቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው «አስነሳሁት» የሚለው መኪና በእርግጥ ወደ ነበረበት የተመለሰ ብቻ ነው። ታንከሩን ሞልተው፣ የጎማውን ንፋስ አስተካክለው፣ ደልዳላ ወለል ላይ ያቁሙትና ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ አራቱንም በሜትር ይለኩ። የአራት ኪሎ አስፋልት ለዚህ አይሆንም፣ ሁሉም ዳገት ነው፤ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ወለል ይሻላል። ግራና ቀኙ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ከዚያ ቤተሰቡን ከነዕቃው ጭነው ኋላውን እንደገና ይለኩ። ከ5 እና 6 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወረደ፣ ወይም ከአክስሉ በላይ ያለው፣ ብረት ከብረት እንዳይማታ የሚቀበለው የላስቲክ መከላከያ በየጊዜው መመታቱን የሚያሳይ ጥቁር ምልክት ካለው፣ ድንጋዩ ዝቅ ያለውን ሞላ ነው እየነገረዎት ያለው።

ወደ ስፔሰሩ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ስፔሰሩ የሚገባው ከፊት ሾክና ሞላ በላይ፣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰሩበት ቦታ ላይ ነው። ሾኩ ከታች የሚያርፈው በብራቾው ወገብ ላይ ስለሆነ ከላይ የተጨመረ 25 ሚሊ ሜትር ጎማው ዘንድ ሲደርስ 50 ያህል ይሆናል። ርካሽ የሚመስለውም ለዚህ ነው፦ በቶርኖ የተቆረጠች ትንሽ ብረት ትልቅ ከፍታ ትሰጣለች። ነገር ግን ሾኩ አልረዘመም፤ ያው ሾክ ዝቅ ብሎ ነው የተሰቀለው። በፋብሪካው አሠራር ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ወደ ታች የሚያስቆመው የሾኩ ርዝመት ነበር። አሁን ሾኩ ከማለቁ በፊት የላይኛው ብራቾ ሞላውን ይነካል፣ የብራቾው ቴስቲና (የጫፉ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) የመጨረሻ አንግሉ ላይ ይደርሳል፣ ሲቪ ጆይንቱ (ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መታጠፊያ) ይወጠራል። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲወርዱ ከፊት «ቋ» የሚል ደረቅ ድምፅ ከሰሙ ይኸው ነው፤ ብረት ከብረት ጋር እየተማታ ነው። ወደ ላይም ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲነሳ የላስቲክ መከላከያው ሊቀበለው ሲገባ ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ሾክ ቀድሞ ውስጡ ያልቃል። ፒስተኑ ታች ይመታል፣ ሾኩ ዘይት ያፈስሳል፤ ጋራዡም «አዲስ ሾክ ግዛ» ይላል። የኋላውን ከፍ ለማድረግ ሞላው ሥር የሚገባው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት በአንጻሩ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ የደከመ ሞላ ላይ መደረቡ ግን የደከመውን ሞላ አይጠግነውም።

ሲቪ ጆይንቱ ለብቻው ጥቂት መስመር ይገባዋል። ፕራዶ 120 ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ስለሚነዳ የፊት ዘንጎች ወደ ቢሮ ሲሄዱም ኃይል ተሸክመው ይዞራሉ። ከፍታው ሲጨምር ዘንጉ ቀጥ ብሎ መዞሩን ትቶ ታጥፎ ይዞራል፤ ጆይንቱን የሚሸፍነው ላስቲክ እጥፋቶች እርስ በርስ ይፋተጋሉ። መጀመሪያ የሚታየው ቸርኬው ውስጥ በኩል የተረጨ ጥቁር ግራሶ ነው። በዚያን ጊዜ ላስቲኩንና ግራሶውን ብቻ መቀየር ያድነዋል። ሳይታይ ከቆየ አቧራው ገብቶ ከግራሶው ጋር ሞረድ ይሆናል፤ መሪ ሙሉ ሲጠመዘዝ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ከጀመረ አልቋል። እስከ 40 እና 50 ሚሊ ሜትር ድረስ አንግሉ ሊታገሡት የሚችሉት ነው። ከዚያ በላይ የፊት ዲፈረንሻሉን በ25 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ቁራጭ ይሸጣል፤ ከፍ ለማድረግ ከፍለው መልሰው ዝቅ ለማድረግ እንደመክፈል ነው።

መሪው ላይ የሚመጣውን ለውጥ ከተማ ውስጥ ላያስተውሉት ይችላሉ፤ በመቶ ሲሮጡ ግን ያገኙታል። ብራቾዎቹ ወደ ታች ሲያዘነብሉ የጎማው የጎን ዝንባሌ ይቀየራል፣ የጎማዎቹ አፍንጫ ይዛባል፣ ከሁሉ በላይ ካስተር የሚባለው ይቀንሳል። ካስተር ጠምዝዘው የለቀቁትን መሪ ወደ መሀል የሚመልሰው ነገር ነው። ሲጎድል መኪናው በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ፣ በተለይ የጎን ንፋስ ሲኖር፣ ግራ ቀኝ ይዋልላል፤ ሹፌሩ ሳያውቀው ሁልጊዜ እያረመ ይነዳል። ማስተካከያው የታችኛው ብራቾ ብሎኖች ላይ ያሉት ቀዳዳቸው ከመሀል የወጣ ዲስኮች ናቸው፤ በአንድ ጎን ሁለት ሁለት። እስከ 50 ሚሊ ሜትር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። በ4 ኢንች ግን ያልቃሉ፤ የላይኛው ብራቾ በሌላ ካልተቀየረ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ ልኬት) ልክ አይመጣም። ሃያ ዓመት በሆነው መኪና ላይ ሌላም ጉድ አለ፦ ብሎኑ ከጎሚኒው (ብራቾው የሚታሰርበት ባለላስቲክ ቀለበት) ውስጠኛ ቱቦ ጋር ዝጎ አንድ አካል ሆኖ ይገኛል። በቁልፍ አይዞርም፤ ተቆርጦ ነው የሚወጣው። የግማሽ ቀኑ ሥራ ሁለት ቀን የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አላይመንት ሳይሠራ መኪናውን የሚያስረክብዎት ካለ ደግሞ አዲሶቹ ጎማዎች በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ጠርዛቸውን ተበልተው ያገኟቸዋል።

285 ጎማው በከተማ ያለምንም ጥቅም ይከፈልበታል። ሙሉ ሲጠመዘዝ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ፕላስቲክና የሻንሲውን ጠርዝ ይፈጫል፤ ላሜራ መቁረጥ ይመጣል። ዙሪያው 7 በመቶ ስለሚበልጥ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲል በእርግጥ የሚሄዱት 107 ነው። በዚያው ልክ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ከሌላ ቦታ የበለጠ ይሰማል፤ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የእርስዎ ናፍጣ ቱርቦ ስላለው ሲሮጥ ያካክሳል። ድንጋይ ላይ በቀስታ ሲወጡ ግን፣ ቱርቦው ገና ሳይነሳ፣ ሞተሩ በሳሳው አየር ብቻ ነው የሚተነፍሰው፤ ትልቁ ጎማ ደግሞ ማርሹን አርዝሞበታል። ስለዚህ ነዳጅ ይረግጣሉ፣ አውቶማቲኩ ይንሸራተታል፣ ዘይቱ ይግላል። ጎማው ከባድ ስለሆነ ፍሬኑም፣ የሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሀል) ኩሽኔታውም፣ የመሪ ቴስቲናውም የየድርሻቸውን ይከፍላሉ። ትርፍ ጎማው ከኋላ በር ላይ የተሰቀለ ከሆነ በሩ በማጠፊያው በኩል መውረዱ አይቀርም፤ ሲዘጋ ማንሳት ይጀምራሉ።

መገልበጥን በተመለከተ ሰው ሲያጋንን ወይ ሲያቃልል ነው የሚሰማው፤ በቁጥር እንየው። የፕራዶ 120 ግራና ቀኝ ጎማ ርቀት 1,575 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሹ 787። የክብደቱ መሀል ከመሬት 750 ሚሊ ሜትር ላይ ነው ብለን ብንይዝ 787 ለ750 ሲካፈል 1.05 ይሆናል። ይህ ቁጥር ባነሰ ቁጥር መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። 50 ሚሊ ሜትር ከፍታ ወደ 0.98 ያወርደዋል፤ እርስዎ የተነገረዎት 4 ኢንች ወደ 0.93። ፖርቶመጋላው ላይ 80 ኪሎ ሲጨመር የክብደቱ መሀል ሌላ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣና 0.9 እንኳ አይሞላም። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲያዘነብሉ፣ ወይም አስፋልት ላይ ከብት ድንገት ገብቶ መሪ ሲያጥፉ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ሊፍት የማያሠሩ ቢሆን እንኳ ጀሪካኑን ከጣሪያ አውርደው ከወንበሩ ኋላ ይሰሩት።

ፍሬን ላይ አንድ ነገር ይፈተሽ። በአንዳንድ መኪኖች፣ በተለይ በፒካፕና በሃርድቶፕ፣ ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲው የምትወጣ ቀጭን ዘንግ አለች። የጭነቱን መጠን የምትለካው በሻንሲውና በአክስሉ መሀል ባለው ርቀት ነው። ሞላው ሲነሳ ርቀቱ ይሰፋል፤ ቫልቩም «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ የኋላ ፍሬኑን ግፊት ይቀንሳል። ቤተሰብ ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ ሥራው ሁሉ የፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል ማለት ነው። የእርስዎ ላይ ካለች ማሰሪያዋ በተነሳው ልክ መስተካከል አለበት። የፍሬን ቱቦዎቹም አብረው ይታዩ፦ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው መሪው ሙሉ ተጠምዝዞ ቱቦው አሁንም 2 እና 3 ሳንቲ ሜትር መላወሻ ሊኖረው ይገባል። የተወጠረ ቱቦ ዛሬ አይፈነዳም፤ ተሰንጥቆ ቆይቶ ነው።

በሳምንት አምስቱን ቀን መኪናው የሚውለው ካዛንቺስ መሆኑን አይርሱ። የፕራዶ 120 ቁመት በግምት 1.9 ሜትር ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ሊፍትና 15 ሳንቲ ሜትር ፖርቶመጋላ ሲጨመር 2.15 ይሆናል። ምድር ቤት ያለው መኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡ። ከኮፈኑ ፊት የማይታየው ቦታ ይሰፋል፤ ጠርዝ ላይ ቁጭ ያለ ሊስትሮም ሆነ መንገድ የሚሻገር ሕፃን እዚያ ውስጥ ይገባል። የፊት መብራቱ ተመልሶ ካልወረደ ፊት ለፊትዎ የሚመጣውን ቪትዝ ሹፌር ዓይን ያጠፋል። እናትዎም አሉ፤ አሁን በደጋፊ የሚወጡ ከሆነ 10 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ደረጃ ማለት ነው፣ በጎን መርገጫ ካልተገጠመ በቀር።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪናው በየዓመቱ ይመረመራል፤ ቦሎ የሚለጠፍለት ከዚያ በኋላ ነው። የተቆረጠ ፓራፋንጎ፣ ከፓራፋንጎ ውጭ የወጣ ጎማና በብየዳ የተቀጠለ የመሪ ወይም የብራቾ ክፍል መርማሪ ፊት ይዘው አይቅረቡ። ሙሉ መድን ካለዎት ደግሞ ከሥራው በፊት ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁና መልሱን ያስቀምጡ፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ «መኪናው ተቀይሯል» የሚል ክርክር ውስጥ መግባት አይፈልጉም። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለዎትን ፕራዶ በሌላ መተካት ቀላል አለመሆኑንም ከሒሳቡ ያስገቡት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ሥራ ማንሳት አይደለም። ያረጁ ጎሚኒዎች፣ የብራቾና የመሪ ቴስቲናዎች፣ የሞዞ ኩሽኔታ ይፈተሹና የላሉት ይቀየሩ፤ ልል ነገር ላይ ሊፍት መደረብ ልሉን ማባባስ ነው። ሥራ ላይ የማይውል መጎተቻ ካለ ይፈታ፤ ጅራቱ በዚያው ሊድን ይችላል። ከሞተር እስከ ካምቢዮ ያለው ሆድ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ይሸፈን፤ የዘይት መፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ይተዉለት፣ አለበለዚያ ዘይት ሲቀየር ሁሉ ይፈታል። ንፋስ መለኪያና ትንሽ ኮምፕረሰር ይግዙ። ድንጋያማ መንገድ ሲጀምር ጎማውን ከ33 ወደ 22 ፒኤስአይ ያውርዱ፣ ቀስ ብለው ይንዱ፣ አስፋልት ሲደርሱ መልሰው ይሙሉ። ጎማው ድንጋዩን ስለሚያቅፈው መኪናው ከድንጋይ ድንጋይ መዝለሉን ያቆማል፤ ከሥር የሚመታውም አብዛኛውን ጊዜ ዘሎ ሲወርድ ነው። በክረምት ዋልካ ላይ ግን ይህም ሊፍቱም አያስመኩ፤ እዚያ የሚያወጣው የጎማው ጥርስና ሰንሰለት ነው።

ከዚያ ሞላና ሾክ አንድ ላይ፣ እርስ በርስ የተመጣጠኑ፣ 40 ሚሊ ሜትር የሚያነሱ ይግዙ። ከ50 እንዳያልፉ። ሞላ የሚመረጠው በከፍታው ሳይሆን ሁልጊዜ በሚሸከመው ክብደት ነው፦ ከፊት ከባድ የብረት ባምፐርና ዊንች ከሌለዎት የፊቱ መደበኛ ይሁን፤ የኋላው መካከለኛ። «ጠንካራው ይሻላል» ብለው ለ400 ኪሎ ጭነት የተሠራ ሞላ ከገጠሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶውን እንደ ፍየል ሲዘል ይውላል፣ ጎማውም መሬት ይለቃል። ጠንካራ ሞላ ከድሮ ሾክ ጋር ማጋባትም አይሆንም፤ የታመቀውን ጉልበት የሚይዝለት የለም። ጎማ ሲያልቅ 265/70 አር 17 ያድርጉ፤ ከመሬት 13 ሚሊ ሜትር ያተርፋል፣ ፍጥነት መለኪያውን የሚያሳስተው በ3 በመቶ ብቻ ነው፣ መቁረጥም አያስፈልገውም። የኋላዎ የንፋስ ከረጢት ያለው ዓይነት ከሆነ ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት የከፍታ መለኪያው ዘንግና የከረጢቱ ሁኔታ ለብቻ ይታይ።

ሥራው ሲሠራ ሦስት ነገር ላይ ዓይንዎ ይኑር። አንደኛ፣ የፊት ሞላ ከሾኩ የሚፈታው በትክክለኛ ማመቂያ ነው። በሽቦ አስረው ሊፈቱ ከሞከሩ ልጆቹንም ራስዎንም ከዚያ ያርቁ፤ የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ የብራቾና የኋላ ዘንጎች ብሎን መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አይጠብቅም። ጎሚኒው ውስጥ ያለው ላስቲክ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ከታሰረ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራልና ዕድሜውን ሁሉ በዚያ ጭንቀት ይኖራል። በጥቂት ወር ይቀደዳል፣ ከፍታውንም ያዛባል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኖቹን በእጅ አስገብቶ፣ መኪናውን በአራት ጎማው አቁሞ፣ ባምፐሩን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጭኖ፣ ከዚያ በመለኪያ ቁልፍ ማጥበቅ ነው። ይህን የማያደርግ ጋራዥ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁ፣ መልሱ ጋራዡን ይነግርዎታል። ሦስተኛ፣ በዚያው ቀን አላይመንት ይሠራ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሞላው ሲረጋ ይደገም፤ ብሎኖቹም ያኔ በድጋሚ ይጥበቁ። የወጣውን ወረቀት ተቀብለው ካስተሩን ይዩ፦ የግራና የቀኙ ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ አይለፍ። ወደ 80 ሲደርስ ከወለሉ ሥር ንዝረት ከተሰማ ወደ ኋላ የሚሄደው ትራስሚሽን (ለኋላ አክስል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) አንግሉ ተቀይሮ ክሮቼራው (የዘንጉ መገጣጠሚያ) እየተቸገረ ነው፤ ጎማ ባላንስ እያስደረጉ ገንዘብ አይጨርሱ።

ባሌስትራ (በቅጠል የተደራረበ ሞላ) ያላቸው የሃይሉክስና የሃርድቶፕ ባለቤቶች ይህን ሲያነቡ አንድ ቃል፦ ከጭነት መኪና ባሌስትራ አንድ ቅጠል ቆርጦ መጨመር ወይም የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ከላይ ካለው ስፔሰር ጋር አንድ ነው። የረዘመው ማንጠልጠያ ድፍን የፊት አክስል ባለው ሃርድቶፕ ላይ አክስሉን ወደ ፊት ስለሚያዘነብለው መሪው ይቀላል፣ መኪናውም ይዋልላል።

ለእርስዎ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ልኬትና ነጭ ቀለም፣ የላሉት ክፍሎች ጥገና፣ የሆድ ብረትና የንፋስ ልማድ፣ ከዚያ 40 ሚሊ ሜትር ሞላ ከነሾኩ። 4 ኢንቹ፣ ስፔሰሩና 285ቱ ይቅሩ። ይህን ሁሉ አድርገው የሆዱ ነጭ ቀለም አሁንም ከለቀቀ፣ የሆዱን ብረት አንድ ሚሊ ሜትር ያወፍሩት እንጂ ሌላ ኢንች አይጨምሩ።